ቀባሪ አለን፤ ጧሪስ?

ወዳጆቼ፣ በተለይ ምዕራብ ዓባያ ላይ ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆቼ፣ የዛሬው ረዘም ይላል። "ደወል ቢደወልም አይለቀንም" እያላችሁ ታሙኝ ነበር፤ አሁን ደወልም የለ፣ ቻሉት።

ነገሩ የተነሳው ከእድራችን ስብሰባ ነው። ሰው ሞቶ ቀብር ያልወጣ አባል ይቀጣል፤ ይህን የማያውቅ የለም። በቀደም ገንዘብ ያዡ ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር አሳየን። በአባቱ ቦታ አባል የሆነ፣ አዲስ አበባ የሚሠራ ልጅ ቅጣቱን በቴሌብር ልኳል። የላከው ግን ሟቹ ከመቀበራቸው በፊት ነው! የሞቱ ዜና ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ወጣ፣ ልጁ አነበበ፣ እንደማይመጣ አወቀ፣ ከፈለ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። አንድ አባት "ቅጣት እኮ ሰው እንዲመጣ ነው እንጂ መቅረትን ለመሸጥ አይደለም" አሉ።

እኔ በልጁ አልፈረድኩም። ቢያንስ ከፍሏል። ወደ ቤት ስመለስ የከነከነኝ ሌላ ነው።

በአማርኛ ልጅ የሌለውን ሰው "ጧሪ ቀባሪ የለውም" እንለዋለን። ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ስለምንጠራቸው አንድ ሥራ ይመስሉናል። አይደሉም። መቅበር የቀናት ሥራ ነው። መጦር ግን ማጠብ ነው፣ ማጉረስ ነው፣ ጎን እንዳይቆስል ማገላበጥ ነው፣ ሌሊት ተነስቶ ውኃ ማቀበል ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። መንግሥት ለሠራተኛው የሚከፍለው "ጡረታ" ስሙን ያገኘው ከዚሁ "ጦረ" ከሚለው ግሥ ነው። ጡረታ ግን ብር ነው፤ ብር ደግሞ ሰው አያገላብጥም።

ባለፉት መቶ ዓመታት መቅበሩን አደራጅተነዋል፤ ደንብ፣ መዝገብ፣ ድንኳን፣ ገንዘብ ያዥ አለው። መጦሩን ግን በየቤቱ ላለች አንዲት ሴት ልጅ ትተንላታል፤ ስሟንም የትም አልመዘገብንም። ስልክና ኢንተርኔት የመጣው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን አፈጠነው፣ ሁለተኛውን ብዙም አልነካውም። ያቺ ልጅ ደግሞ እየሄደች ነው።

ወደ ኋላ እንሂድ። ከሐይቁ ቀና ስንል የምናየው የጋሞ ደጋ ድሮ በየ"ደሬ"ው የሚተዳደር አገር ነበር። ጉዳይ የሚታየው በ"ዱቡሻ"፣ በጉባኤው ሜዳ ላይ ነው፤ "ሃላቃ" ይሾማል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ "ጎሜ" የሚባል ነገር አለ። ጎሜ ማለት ወግ በመጣስ የሚመጣ ጥፋት ነው። ታላቁን ያዋረደ፣ የአባቱን ቦታ የተሻማ ሰው በሽታ ወይም ድርቅ በራሱና በጎረቤቱ ላይ እንደሚያመጣ ይታመናል። ስለዚህ ሽማግሌን መንከባከብ የልብ ደግነት ብቻ አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ የሚቆጣጠረው ጉዳይ ነበር፤ ያንተ ጎሜ የኔን ገብስ ያበላሻል እኮ!

ከጎሜው ጋር መሬት አለ። አባት መሬቱን ይይዛል፣ ልጁ አጠገቡ ይኖራል፣ ይጦረዋል፣ ይወርሰዋል። ውል ሳይጻፍ ውል ነበር ማለት ነው። እንሰቱን የምትፍቀው፣ ቆጮውን የምትጋግረው፣ ሽማግሌውን የምታጥበው ግን የልጁ ሚስት ናት፤ እሷ ደግሞ አትወርስም።

እዚህ ላይ ድሮን የምናሞግስ ሰዎች ትንሽ ቆም ብንል ደስ ይለኛል። "የቀድሞው መተሳሰባችን" የምንለው ሁሉንም ሰው አያቅፍም ነበር። ሸክላ የምትሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ ወገናችን አብሮ አይበላም፣ አይጋባም፣ እንደሌላው መሬት አይይዝም ነበር። የማረሻውን ብረትና የወጡን ድስት ከእጁ ተቀብለን እጁን ግን አንጨብጥም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በሕግ ደረጃ ይህን ሰብሮታል። በልብ ደረጃ... ክፍል ውስጥ ማን ከማን ጋር አልቀመጥም እንዳለ እኔ መምህራችሁ አስታውሳለሁ። ስም አልጠራም።

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲስፋፉ የጎሜ ፍርሃት እየሳሳ መጣ። "አባትህንና እናትህን አክብር" የሚለው በቦታው ገባ፤ መልካም ነው። ልዩነቱ ትእዛዙን ብትጥስ ኃጢአቱ ያንተ መሆኑ ነው፤ የጎረቤትህን ገብስ አይነካም። ስለዚህ ጎረቤትህም እንደ ድሮው አይጠይቅህም።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። ብርብርና ዋጅፎ ዛሬ በሙዝ ነው የሚታወቁት። ይህ ቆላ ለደገኛ የወባ አገር ነበር፤ ደገኛ ለገበያ ወርዶ ማታ መመለስ ይመርጣል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፣ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ፣ ደጋው ላይ መሬት የጠበበው ሕዝብም እየወረደ ሰፈረ። የሰፈረው ግን ከደሬው ተነቅሎ ነው። አጠገቡ ያለው ጎረቤት ወንድሙ ላይሆን ይችላል፤ ከሌላ ደሬ የመጣ ነው፣ ወላይታ ነው፣ ከሰሜን የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ማን ይቅበረው?

እድር የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ብዙ ሰው እድርን ከጥንት ጀምሮ የነበረ ያገር ባህል አድርጎ ያስበዋል። እድር የከተማ ልጅ ነው፤ ያውም የመጤ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ፣ ከዘመድ ርቀው ሥራ ፍለጋ ከመጡ ሰዎች፣ በተለይ ከጉራጌዎች ጋር ስሙ ይነሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላም ተስፋፋ። ዘመድ በሌለበት ዘመድን ተክቶ የሚሠራ፣ በወር መዋጮና በመዝገብ የሚንቀሳቀስ መላ ነው። የዘመኑ ቴክኖሎጂ ነው ብል አትሳቁብኝ። መዝገቡ፣ ማኅተሙ፣ ጥሩንባው፣ ድንኳኑ ሁሉ ለአባቶቻችን አዲስ ነገር ነበር። ቴሌግራሙ የጥሩንባው የልጅ ልጅ ነው።

ግን ልብ በሉ፤ እድር የተፈጠረው ለሞት ነው። ሞት ለመዋጮ ይመቻል። አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፣ ሁሉም ቤት ይደርሳል፣ ወጪው ይታወቃል፣ ማስመሰልም አይቻልም። እርጅና እንዲህ አይደለም። አንዱ ሳይታመም ይሄዳል፣ አንዷ 10 ዓመት ትተኛለች።

መንግሥትስ? በ1950ዎቹ አጋማሽ የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ ወጣለት። የግል ድርጅት ሠራተኛ ተራ የደረሰው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሙዝ ተካዩ፣ ሸማኔው፣ ዓሣ አስጋሪው የለበትም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንደሚረዳ ይናገራል። "አቅም በፈቀደ መጠን" የምትለዋን ሐረግ ለፈተና እንዳወጣኋት ታስታውሳላችሁ? በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር መሥራት ለማይችል ሰው ያለ ሥራ የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ ነበረው፤ በታቀፉት ወረዳዎች ብዙ አረጋዊ በእሱ በላ። በ2007 ዓ.ም. ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ መጣ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ ጤና መድንም ዛሬ ደጃችን ደርሷል፤ በዓመት አንዴ ተከፍሎ ቤተሰብ ይታከምበታል።

ከሁሉም ለኔ ትልቁ ነገር የጤና ኤክስቴንሽን ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ሠልጥነው ቤት ለቤት ዞሩ። መፀዳጃ ቤት አስቆፈሩ፣ አጎበር አሰቀሉ፣ እናቶችን ጤና ጣቢያ እንዲወልዱ ገፋፉ። ግን ያኔ የተሰጧቸው 16 ፓኬጆች ውስጥ አረጋዊ የሚል ርዕስ አልነበረም። አልወቅስም፤ ያኔ የሚሞተው ሕፃኑ ነበር። ሕፃኑ ተረፈ። የተረፈ ሕፃን ግን ያረጃል፤ እናቱም ታረጃለች።

አሁን የራሴን ልናገር። ብዙዎቻችሁ እናቴን ቀብራችሁልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድንኳኑ፣ ንፍሮው፣ የሰዉ ብዛት! "እንዲህ ያለ ቀብር አይተን አናውቅም" ተባለ፤ እኔም በልቤ ኮራሁ። እናቴ ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ተኝታለች። ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ነበር። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ማን ነበር አጠገቧ?

የወንድሜ ልጅ ነበረች። ከደጋ ሳመጣት 14 ዓመቷ ነው። ለወንድሜ "አስተምራታለሁ" አልኩት። ሽሮ ሜዳ ለሽመና የሚወሰዱ ልጆችም የሚወሰዱት በዚህችው ቃል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ። መጀመሪያ ግማሽ ቀን ትማር ነበር። ቀጥሎ እናቴ ብቻዋን መተው የማትችል ሆነች። ልጅቷ 8ኛ ክፍል ላይ ቀረች። እኔ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ "ሴት ልጆቻችሁን ከትምህርት አታስቀሩ" ብዬ ወላጆችን ስመክር እቤቴ እሷ አንሶላ ታጥባለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ቅራኔ አልታየኝም። ውሸት ነው፤ ታይቶኛል። የተመቸኝ ስለነበር ዝም አልኩ።

እናቴ ስታርፍ ልጅቷ 20 ዓመቷ ነበር። በዓመቱ ቤይሩት ሄደች። ምን እየሠራች መሰላችሁ? የአንዲት አሮጊት ተንከባካቢ ሆና። ለእናቴ በነፃ የሠራችውን ሥራ አሁን በዶላር ትሠራዋለች፤ ያውም ፓስፖርቷን ሌላ ሰው ይዞባት። በኢሞ ትደውልልኛለች። አንድ ቀን ቪዲዮውን ከፍታ አሮጊቷን እያጎረሰች "ጋሼ፣ እማማን ነው የምትመስለኝ" አለችኝ። ቀጥላም፣ ያለ ክፋት፣ "እኔ ሳረጅ ማን ይሆን?" አለች። ኔትወርኩ የተቆራረጠ አስመስዬ ዘጋሁት።

ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። ነገሩ የኔ ቤት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ብዙ ሴት ልጆቻችን የዓረብ አገር ሽማግሌ እያጠቡ ነው። ለእናታቸው ብር ይልካሉ፤ እናትየዋን የምታጥባት ሌላ ከደጋ የመጣች ልጅ ናት፤ የዚያችን ልጅ አያት ደግሞ ማን እንደሚያጥባት አላውቅም። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድን አገደ፣ በኋላ አነሳው። ጉዞው ግን አልቆመም፤ በዕገዳው ጊዜም ሰው ይሄድ ነበር።

ቁጥሩንም እዩት። በእ.ኤ.አ. 2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 5.5 ልጅ ትወልድ ነበር። በ2016ቱ ጥናት 4.6 ሆነ፤ አዲስ አበባ ላይ 1.8። ቀላል ሂሳብ ነው። የኔ እናት ሰባት ወልዳለች፤ ከሰባታችን የሰባታችንንም ሥራ የሠራችው አንዲት የልጅ ልጅ ናት። ሁለት የሚወልዱት ተማሪዎቼ ሲያረጁስ? እንዲያው ለክፋት አይደለም የምጠይቃችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ 45 ደፍናችኋል።

"ቴክኖሎጂ ይፈታዋል" የምትሉ አላችሁ። አንድ ተማሪዬ ስለ ጃፓን ሮቦቶች ቪዲዮ ላከልኝ። ፓሮ የሚባል፣ የባሕር እንስሳ ግልገል የሚመስል ሮቦት አለ፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ያቅፉታል፣ ይደባብሱታል፣ እሱም ይንቀሳቀስላቸዋል። ሳየው ትንሽ አዘንኩ፣ ትንሽም ቀናሁ። ግን ጃፓን ከሮቦቱ ይልቅ የሠራችው ዋና ነገር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ40 ዓመት ጀምሮ ሰው የሚያዋጣበት የእንክብካቤ መድን በሕግ አቆመች፤ ጀርመን በ1995 ቀድማታለች። ማለትም መጦርን ራሱን ከእድር መዋጮ ጋር የሚመሳሰል መዋጮ አበጁለት። መዋጮን ደግሞ ማንም ጃፓናዊ ሊያስተምረን አይችልም።

ብር በስልክ መላክ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. እዚሁ ጎረቤታችን ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ናዳው መጀመሪያ ጥቂት ቤት ነው የቀበረው። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ በአካፋና በእጁ ሊያወጣ ሮጠ፤ ሁለተኛው ናዳ ሊያተርፍ የሮጠውን ቀበረ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በማግስቱ ከመላው አገሪቱ፣ ከውጭም ጭምር ገንዘብ በባንክና በስልክ ጎረፈ። ገንዘቡ ያስፈልግ ነበር፤ የተረፈው በልቷል፣ ለብሷል። የሞቱት ግን በእጃቸው የመጡት ናቸው። መተሳሰብ ስንል ሁለቱን አንድ ስም ሰጥተን እናምታታቸዋለን።

መስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ አርባ ምንጭ ላይ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ለበቀል የወጣውን ወጣት መለሱ። አገር አጨበጨበላቸው፣ እኔም አለቀስኩ። ያ ወጣት ሲቆም ጎሜን ፈርቶ ይሁን አባቶቹን አክብሮ እንጃ፣ ግን ቆመ። የሽማግሌ ክብር ሞቷል የሚል ሰው ካለ ያን ቀን ያስታውስ። አሁን ጥያቄዬ ቀላል ነው፤ እነዚያ የተንበረከኩ አባቶች መነሳት ሲያቅታቸው ማን ያነሳቸዋል? ክብር እንዳላቸው አውቃለሁ። ሰው አላቸው ወይ?

ተስፋ የሚሰጠኝ አንድ የቅርብ ታሪክ አለ። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ሲበረታ እድሮች በቀብር ብዛት ሊከስሩ ደረሱ። ያኔ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሻሉ። አባላቸው እስኪሞት መጠበቁን ትተው ታማሚን ቤቱ ሄደው ማስታመም፣ ወላጅ የሞተበትን ልጅ ማሳደግ ጀመሩ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ያስታመሟቸው ብዙዎች ተነሱ። እድር ለሕያው ሰው መሥራት አይችልም የሚለኝ ካለ፣ ሠርቶ አይተነዋል።

በእሑዱ ስብሰባ መጨረሻ ላይ እጄን አወጣሁ። ሦስት ነገር ነው የጠየቅሁት። አንደኛ፣ ከአልጋ መነሳት የማይችል አባል ወይም የአባል ወላጅ ሁሉ በመዝገብ ይያዝ፤ ከጎኑም የሚያስታምመው ሰው ስም ይጻፍ፤ ልጅ ከሆነች ዕድሜዋና ክፍሏ። ሁለተኛ፣ ቀብር እንደምንወጣው ሁሉ በተራ እየሄድን ለግማሽ ቀን አስታማሚዋን እንተካት፤ ተራው ቴሌግራም ላይ ይውጣ፣ የቀረ ይቀጣ። በቴሌብር ቀድሞ የሚከፍል ካለ እሰየው፤ በእሱ ብር ሰው ቀጥረን እንተካለን። ሦስተኛ፣ ተራው ለወንዶችም ይሁን።

በሦስተኛው ላይ ሁካታ ተነሳ። "ወንድ ልጅ አሮጊት ሊያጥብ?" አለ አንዱ። "አባትህን እጠብ ነው የተባልከው፣ አሮጊቷን ለኛ ተወው" አሉት አንዲት እናት፤ ሴቶቹ በሙሉ ሳቁ።

ከሁሉም ግን ገንዘብ ያዡ ያነሳው ነው የከበደኝ። የሂሳብ መምህር ነበር፣ ታውቁታላችሁ። "ጋሼ፣ ሞት አንድ ጊዜ ነው፣ ሂሳቡ ይዘጋል። እርጅና መቼ እንደሚያልቅ አናውቅም። አምስት አልጋ ቁራኛ ቢኖርብን ይህ እድር በሁለት ዓመት ባዶ ነው" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ጣሪያ እናድርግለት ልል አሰብኩ፤ በወር ይህን ያህል ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ቤተሰቡ ይሸከም። ግን ጣሪያው የሚሞላው ለማን ቤት ነው? ልጆቹ ለሌሉበት፣ ወይ ሸክላ ሠሪ ናት ተብላ ጎረቤት ለማይገባባት ቤት ነው።

ጉባኤው ለሚቀጥለው ወር አሳድሮታል። ረቂቁን አንቀጽ እንድጽፍ የተመደብኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ዋሽንግተን ያላችሁ ልጆቼ፣ እድራችሁ ወይም ማኅበራችሁ ለታመመና ላረጀ አባል የሚለው አንቀጽ ካለው ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። የሂሳብ ባለሙያ የሆናችሁ ገንዘብ ያዡን የሚመልስ ስሌት ካላችሁ እፈልጋለሁ። ቤይሩት ላለችውም ልጄ ይህን ጽሑፍ ልኬላታለሁ፤ ካላት በላይ ስለዚህ ሥራ የሚያውቅ ሰው የለኝም። ማታ፣ አሮጊቷ ስትተኛ፣ እንደምትደውልልኝ ጽፋልኛለች።